ባቲ ላይ ስለሚካሄደው የከሚሴ የሜዳችን ጨዋታ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም.
ከሚሴ

ይድረስ ለክቡር የከተማችን የሜዳ አጠቃቀም አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡርነትዎ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በአንዱም በሌላውም ቋንቋችን አካም ጅርተን፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ እንዲሁም ከእርስዎ ጋር ከስብሰባ ስብሰባ የሚንከራተተው ማኅተምዎ ሁሉም በያሉበት ደህና እንደሆኑ አምናለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የጨፋ ሸለቆም የበልጉን ዝናብ አግኝቶ ለምልሟል፤ ቦርከናም እንደ ልማዱ ማንንም ሳያስፈቅድ ይፈሳል።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እንድሪስ ጎሚስታ የምባለው፣ በደሴ አስፋልት ዳር ጎማ የምለጥፈው ሰውዬ ነኝ። የክቡርነትዎ መኪና ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ሾፌርዎ የሚያመጣው ወደ እኔ ነው፤ እርስዎም ከውስጥ ሆነው መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ቶሎ በል» ሲሉኝ ድምፅዎን በሚገባ አውቀዋለሁ። በሙያዬ ጎሚስታ፣ በልቤ የከተማችን ኳስ ቡድን የጨፋ ኮከብ ደጋፊ፣ በዕድሌ ደግሞ የቡድኑ ዘጠኝ ቁጥር የሙጂብ አባት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በሦስቱም ነው፤ ይበልጡን ግን በመጨረሻው ነው።

ሰኞ ዕለት በጽሕፈት ቤትዎ ሰሌዳ ላይ የወጣውን ማስታወቂያ አነበብኩ። ዐይኔን ስላላመንኩት ከጎረቤቴ መነጽር ተውሼ ደገምኩት። የፊታችን እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ጨፋ ኮከብ ከባቲ ቡድን ጋር በከሚሴ ሜዳ ሊያደርገው የነበረው የዞኑ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ሜዳው በሌላ ሥራ በመያዙ፣ «የባለሜዳነት መብቱ እንደተጠበቀ ሆኖ» ባቲ ላይ እንደሚካሄድ ይገልጻል። ያሸነፈው ወደ ክልል ሊግ ያልፋል። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይህችን አንዲት እሑድ በሜዳችን ለመጫወት ስንጠብቅ ነው የከረምነው።

ነገሩ የኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ ዝም እል ነበር። ነገር ግን ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን፣ እርስዎም ቢያውቁት የማይከፋዎትን አንድ ጉዳይ ላስረዳ። ከቡድናችን ልጆች ግማሹ ለመሄድ ቆርጠዋል። ወዴት እንዳይሉኝ፤ ከዚህ ከተማ ወጣት «ሄደ» ከተባለ ሳዑዲ ነው። ሙጂብም አንዱ ነው። አልደበቀኝም፤ አንድ ቀን ጎማ ስንፈታ ቀና ብሎ «አባ፣ እዚህ ጎማ ከመለጠፍ ሌላ ምን አለኝ?» አለኝ። ጎማ ለጥፌ ላሳደግኩት ልጅ ምን ብዬ እመልስለታለሁ? መፍቻውን አቀበልኩት።

ያን ጊዜ ሸህ ሙሐመድዘይን፣ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ ልጆቹን በሙሉ ወዳጃ ጠሯቸው። ወዳጃ ማለት እርስዎ እንደሚያውቁት በእኛ በወሎዎች ዘንድ ችግር ሲመጣ ተሰብስበን ጫታችንን ይዘን ዱዓ የምናደርግበት ጉባኤያችን ነው፤ ቃለ ጉባኤ አይያዝበትም፣ ግን የተባለው ይፈጸማል። ሸሁ «አትሂዱ» አላሏቸውም፤ አትሂድ የተባለ ልጅ ቀድሞ እንደሚሄድ ያውቃሉ። «ያ ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ከባቲ ጋር ያላችሁን ጨዋታ ሳትጫወቱ አንዳችሁም ከዚህ አገር እግራችሁን እንዳታነሱ» አሏቸው። ልጆቹም መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። ኳስ ስለሚወዱ ነው አሚን ያሉት፤ ሸሁም ኳስ እንደሚወዱ ስለሚያውቁ ነው በኳስ ያሰሯቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሸሁና የእናቶች ምክር ነበር፤ አሁን ሁሉ ነገር ስለፈረሰ ብነግርዎ ጉዳት የለውም። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ፣ ልጆቹ ገና ላባቸው ሳይደርቅ፣ እናቶቻቸው ወደ ሜዳው ይገባሉ። እዚያው አቧራው ላይ ዱዓ ይደረጋል። ከዚያም መሄድ የሚፈልግ ልጅ በከተማው ሕዝብ ፊት ከእናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ «መርቂኝ» ይላል። ያለ እናቱ ዱዓ በድብቅ በረሃ የገባ ልጅ በእኛ ዘንድ የለም አልልም፤ ሞልቷል። ነገር ግን ሰው ሁሉ እያየ «አልመረቅኩህም» ያለችውን እናቱን አልፎ የሄደ አንድም ልጅ አላየሁም። አባቴም አላየም። ተስፋችን ያቺ የሜዳ ላይ ሰዓት ነበረች፤ ከእሷ ሌላ ተስፋ አልነበረንም።

እነሆ እርስዎ መጡ። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ከባቲ ቡድን ጋር፣ በባቲ ሜዳ፣ በባቲ ደጋፊ መሐል ባለሜዳ ሆነን እንድንጫወት ስላደረጉን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ይህን ዓይነት ባለሜዳነት ዓለም እስከ ዛሬ አላየውም። እንግዲህ ባለሜዳዎች እኛ ከሆንን፣ እንግዶቻችንን በደጃቸው ቆመን እንኳን ደህና መጣችሁ ልንላቸው ነው፤ ውሃም ከገዛ ቧንቧቸው ቀድተን ልናቀርብላቸው ነው። የባቲ ሰዎች በዚህ ምንም ጥፋት የለባቸውም፤ ከእነሱ ጋር ተጋብተናል፣ ተዋልደናል። አንድ ወዳጄ የሆነ የባቲ ነጋዴ ግን ደውሎ «እንድሪስ፣ ስትመጡ ሜዳችሁን በምን ጭናችሁ ነው የምታመጡት?» ብሎ ስቆብኛል፤ እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

የእኛ ሜዳ፣ ክቡርነትዎ፣ ሣር የለውም። ከሰዓት በኋላ ወደ ቦርከና ውሃ የሚወርዱ ከብቶች በመሐሉ ያልፋሉ። በከብቶቹ ሰዓት ከሌላ አገር የመጣ ቡድን ግራ ተጋብቶ ይቆማል፤ የእኛ ቀኝ ተከላካይ ቃሲም ግን ላሞቹን ተገን አድርጎ ኳሷን ይዞ ሲወጣ ጎሉ ጋ እስኪደርስ የሚያየው የለም። ሙጂብም ኳስ በየትኛው ጉብታ ላይ ነጥራ በየት እንደምትዞር ያውቃል፤ በዚያ አቧራ ላይ ነው እግር ያወጣው። ባለሜዳነት ማለት ለእኛ ይህ ነበር፤ በወረቀት ላይ የሚጠበቅ መሆኑን ያወቅነው ከማስታወቂያዎ ነው።

ሁለተኛ፦ ሜዳችንን የያዘው ሥራ ምን እንደሆነ ስጠይቅ «የሕገወጥ ስደት መከላከል የወጣቶች የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» ነው ተባልኩ። ክቡርነትዎ፣ ይህን ስሰማ መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ድንኳኑ መሐል ሜዳው ላይ ስለሚተከል የጎሎቹ ቋሚዎች ተነቅለው ግንቡ ሥር ተጋድመዋል። በአንደኛው ጎል ቦታ ላይ «ስደት ይብቃ!» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተወጥሯል። እንግዲህ ወጣቱ እንዳይሰደድ የምንመክርበት ቦታ እንዲገኝ፣ ወጣቱን በአውቶቡስ ጭነን ወደ ባቲ ልንልከው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ያቺ ሴትዮ እንኳ የብብቷን የጣለችው ሳታስበው ነው፤ በማስታወቂያ አላወጣችውም።

ባቲ ለእርስዎ የመስክ ጉብኝት የሚወጡባት ከተማ ትሆን ይሆናል። ለልጆቻችን ግን በር ናት። ከባቲ ቁልቁል የአፋር ቆላ ነው፤ ከቆላው ወዲያ ባሕር፣ ከባሕሩ ወዲያ የመን፣ ከየመን ወዲያ ሳዑዲ ነው። ልጆቹን የሚያሻግረው ደላላ ባቲ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ነው፤ ከቆላ ግመል የነዳ፣ ከደጋ እህል የጫነ፣ ሁሉም በሚተራመስበት ቀን ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሑድ ጨዋታ፣ ሰኞ ገበያ። ደላላው ራሱ ፕሮግራም አውጣ ቢባል ይህን ያህል አይሳካለትም ነበር፤ ኮሚቴዎ ግን ያለ ምንም ክፍያ ሠርቶለታል።

ወጣቱ ባቲ ከሄደ የወጣቶቹን ወንበር ማን ይቀመጥበታል ብዬ ተጨንቄ ነበር። ጭንቀቴ ከንቱ ሆነ፤ ትናንት የጥሪ ካርድ ደረሰኝ። ጢሜን ሂና የምቀባው ሰውዬ «ለወጣት እንድሪስ» ተብዬ ተጠርቻለሁ። ዱቄት ቤቱ ያለው ሽማግሌ ጎረቤቴም ወጣት ሆኗል። ዕድሜያችንን ስለመለሱልን አላህ ይስጥልን።

ሦስተኛ፦ ስለ አውቶቡሱ። ማስታወቂያው በግርጌው «ኮሚቴው የመሄጃ ትራንስፖርት ያመቻቻል፤ መመለሻው በቡድኑ በኩል ይታሰብበታል» ይላል። ስለ አርቆ አስተዋይነትዎ ባርኔጣዬን ላነሳ ነበር፤ ቆብ ነው ያደረግኩት እንጂ። በመንግሥት ወረቀት ላይ ይህን ያህል እውነት ተጽፎ አይቼ አላውቅም፦ መሄጃ አለ፣ መመለሻ ይታሰብበታል። ደግሞም አውቶቡሱ በመድረኩ ዋዜማ እንግዶችን ስለሚያመላልስ ቡድኑ ነገ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይነሣል ተብሏል። ለአንድ እሑድ ጨዋታ ከዓርብ ጀምሮ ባቲ ይቀመጣሉ ማለት ነው። ልጆቹ አየሩን ይልመዱት ተብሎ ይሆናል። እኔም የምፈራው እንዳይለምዱት ነው።

አራተኛ፦ እንደ አንድ ደጋፊ የጨዋታውን ቅድመ ግምት ለማቅረብ እገደዳለሁ። ሬዲዮው ጠዋትና ማታ የእንግሊዝ ቡድኖችን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሲተነትን ይውላል፤ የእኛን ልጆች የሚተነትን ስለሌለ ሥራውን እኔ ልሥራው።

በረኛችንና አምበላችን አብዱልጀባር በጥሩ አቋም ላይ ይገኛል። ሚስቱ የደረሰች ነፍሰ ጡር ስለሆነች የትም አይሄድም፤ በዚህ ቦታ ስጋት የለንም። ቀኝ ተከላካያችን ቃሲም ልምድ ያለው ነው፤ ሁለት ዓመት ሳዑዲ ኖሮ፣ ታስሮ፣ በአውሮፕላን ተመልሶ፣ አሁን ደግሞ እንደገና ሊሄድ ነው። መንገዱን ስለሚያውቅ ሌሎቹ የሚሰሙት እሱን ነው፤ ሜዳ ላይ አምበሉ አብዱልጀባር ቢሆንም ለበረሃው የመረጡት ቃሲምን ነው። መሐል ሜዳውን ዓብዱና ነጂብ ይይዙታል። እነዚህ ሁለቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሳይተያዩ ኳስ የሚቀባበሉ ናቸው፤ አንዱ ከሄደ ሌላው እንደማይቀር ለማወቅ አሠልጣኝ መሆን አያስፈልግም። ተጠባባቂ የለንም። ተጠባባቂዎቻችን ቀድመው ጂዳ ገብተዋል፤ አንደኛው በየሳምንቱ እየደወለ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ የስልኩ ሂሳብ ያልቃል።

ስለ ዘጠኝ ቁጥራችን ስጽፍ አድልቼ እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። ሙጂብ ግራ እግር ነው። ኳስ ካገኘ ጎሉን ብቻ ነው የሚያየው፤ ዞሮ ወደ ኋላ አያይም። ይህ ለአጥቂ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ለአባት ግን አይደለም። ዘንድሮ ብዙ ጎል አግብቷል። ጎል ባገባ ቁጥር እናቱ ወዳለችበት ወደ ሾላው ዛፍ ይሮጥ ነበር፤ ባቲ ላይ ቢያገባ ወዴት እንደሚሮጥ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ።

ስለ ውጤቱ ከጠየቁኝ፣ የባቲ ተከላካዮች ከባድ ናቸው ግን ይዘገያሉ፤ ልጆቻችን ደግሞ ሰሞኑን በሩጫ በርትተዋል፣ ለምን እንደበረቱ ባልጠይቅም። እንደምናሸንፍ አምናለሁ። ዘጠናውን ደቂቃ አልፈራም። የምፈራው ዳኛው ከነፋ በኋላ ያለውን ነው፤ ፊሽካው ሲነፋ የሸህ ሙሐመድዘይን ቃል ያበቃል፣ እናቶቹም እዚያ የሉም። ወደ ክልል ሊግ እናልፋለን፤ ማን እንደሚጫወትልን ግን ኮሚቴዎ በሚቀጥለው ስብሰባው ይወያይበት።

አምስተኛ፦ ይህን በቁጥር ማስቀመጥ አልፈልግም ነበር፤ ግን ወረቀት ያለ ቁጥር አይነበብም ተብያለሁ። ባለቤቴ ዘሊካ ትባላለች፤ የሙጂብ እናት ናት። ማስታወቂያውን እንዳነበብኩ ወደ ቤት ገብቼ «ምንም ችግር የለም፣ እሑድ አንቺን ባቲ አደርስሻለሁ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሁሉ ወዳጆቼ ናቸው» አልኳት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ማሽላውን እያበጠረች ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦ «ያ እንድሪስ፣ ልጇን እመንገዱ ድረስ የተከተለች እናት ሸኘችው ይባላል እንጂ ከለከለችው ይባላል? ባቲ ድረስ ሄጄ ከፊቱ ብቆም ‹ኡሚ ሸኝታኛለች› ብሎ ነው የሚሄደው። እዚህ ሲሆን እኔ በአገሬ፣ በደጄ ነኝ፤ እሱ ነው እግሬ ሥር የሚወድቀው።»

ልማዳችን እንዲህ ነውና እውነቷን ነው። ብትሄድ መርቃ እንደሸኘችው ይቆጠራል፤ ብትቀር ደግሞ ዐይኑን ሳታየው ያልፋታል። እኔስ ልሂድና ልያዘው? ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ከእኔ ይረዝማል፤ እጁን ብይዘው ስሞኝ ነው የሚያስለቅቀኝ። በሥራዬ የዛገ ብሎን ሁሉ የምፈታበት ዘዴ አለኝ፤ ልጄን የማጠብቅበት ግን የለኝም። ፈርቻለሁ ክቡርነትዎ። ይህን በአክብሮት ሳይሆን እንዲሁ ነው የምነግርዎ።

ዘሊካን በሚመለከት ሌላም ምስጋና አለብኝ። ከኮሚቴዎ ሰዎች መጥተው በመድረኩ ላይ «የእናቶች ተወካይ» ሆና ስለ ስደት አስከፊነት ልምዷን እንድታካፍል መርጠዋታል፤ ከቀረች ስሟ ይያዛል ተብላለች። ልጇ እስከ አሁን አጠገቧ ስለሆነ ምን ልምድ እንዳላት ግራ ገብቷት ነበር። እኔ ግን ኮሚቴው ከነገ ዓርብ ጀምሮ ልምዱን እያመቻቸላት እንደሆነ አስረዳኋት።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ሰለቸኝ።

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ከሰኞ ጀምሮ ተመላልሻለሁ። ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉኛል። ስለ ምን ነው የሚሰበሰቡት ብዬ ስጠይቅ ስለ ስደት ነው ይሉኛል። ጸሐፊዎ ጁወይሪያ ደግ ልጅ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ በመጨረሻም ዝግ ብላ «አባ እንድሪስ፣ በቃል የመጣ ነገር እዚህ አይታይም፤ በጽሑፍ ያምጡት» አለችኝ። የእሷም ወንድም ጂዳ እንዳለ የነገረችኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ስትሰጠኝ ነው።

እንግዲህ በጽሑፍ አምጥቻለሁ፤ የምለምነውም ብዙ አይደለም። መድረክዎ እሑድ ጠዋት ነው፤ ጨዋታችን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ድንኳኑን ወደ አንድ ጥግ ያስጠጉልንና ቋሚዎቹን እኛው እንትከላቸው። እንግዶችዎ ንግግራቸውን ይናገሩ፤ ዘሊካም ትናገር፤ እኔም ወጣት ሆኜ ላጨብጭብ። ከዚያ እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው ሲመለሱ ልጆቹ ይጫወቱ፣ ፊሽካው ይነፋ፣ እናቶቹ ይግቡ። ስደትን የሚከለክል መድረክ ማየት ከፈለጉ ያን ጊዜ ወንበርዎን አዙረው ይመልከቱ። ይህ ሁሉ አይቻልም ከተባለም አንድ ነገር ብቻ ይደረግልኝ፦ አውቶቡሱ ነገ አይነሣ። ጎማው ተንፍሶ ወደ እኔ ቢመጣ እንደሚዘገይ ቃል እገባለሁ፤ ግን ያም አውቶቡስ ጎማው አዲስ ነው፤ አይቼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በትዕግሥት ካነበቡት ለጊዜዎ፣ ካላነበቡትም ላላባከኑት ጊዜዎ ከልብ አመሰግናለሁ። አላህ ዕድሜዎን፣ ሥልጣንዎንና ስብሰባዎን ያርዝምልዎ፤ ልጆችዎንም ከዐይንዎ ሥር አያርቅብዎ።

በባቲ የከሚሴ ባለሜዳ፣ በከሚሴ የመድረኩ ወጣት፣ የክቡርነትዎን ጎማ ሁልጊዜም በትሕትና የሚለጥፈው፣

እንድሪስ፣ የሙጂብ አባት

የተረሳ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ለጁወይሪያ አስረከብኩ፤ ግልባጩን በጎሚስታ ቤቴ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው ግን ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ፣ በመሐል የተደረገልኝን ውለታ ሳልጨምር ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። አውቶቡሱ ዓርብ በሰዓቱ ተነሣ። ዛሬ ጠዋት ከኮሚቴዎ ባቲ ላሉት ልጆች ተደውሎ «ጨዋታው ተሰርዟል» ተባለላቸው። ለምን እንደተሰረዘ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን የነገራቸው አልነበረም። ልጆቹ ለሸሁ የገቡት ቃል እስከ ጨዋታው ነበርና፣ ጨዋታው ከሌለ ቃሉም የለም ያለው ቃሲም ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተደውሎ «የክብር እንግዳው ስላልተመቻቸው መድረኩ ተራዝሟል፤ በዜጎች ቅሬታ መሠረትም ጨዋታው ነገ እሑድ በከሚሴ ሜዳ ይካሄዳል» ተባለ። ቅሬታዬ ተቀባይነት ስላገኘ በጣም አመሰግናለሁ፤ በሕይወቴ ለመንግሥት ያቀረብኩት ጥያቄ ሲፈጸምልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አብዱልጀባር ሌሎች አራት ልጆችን ይዞ በእህል መኪና ተመልሷል። ሙጂብ ከእነሱ ጋር አልነበረም፤ ስልኩም አይጠራም። ዘሊካ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ሜዳ እገባለሁ ትላለች፤ ማንን ልትመርቅ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የእግር ኳስ ደንብ ከሰባት ሰው በታች ጨዋታ አያስጀምርም፤ እኛ አምስት ነን። ስለዚህ ከክቡርነትዎ ልጆች መካከል ለኳስ የደረሱ ካሉ ሁለቱን ይላኩልን። ለአንደኛው ማሊያ ተዘጋጅቷል፤ አብዱልጀባር ከባቲ ይዞት መጥቷል፣ ዘጠኝ ቁጥር ነው። ንጹሕ ነው፤ አልተጫወተበትም።